ተጠባባቂዋ

ስልኩ ሲጠራ የኤቢሴ እጆች እስከ ክርናቸው ጭቃ ነበሩ። ሳንሱሲ ሰፈር፣ አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ጓሮ ውስጥ ለሰፈሩ ሴቶች የጎመን ችግኝ አተካከል እያሳየች ነበር። «እፁዬ፣ ጆሮዬ ላይ ያዥልኝ» አለቻት እፀገነትን። ሁለቱም የወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያዎች ናቸው። ኬንያ ለሚሰጠው ሥልጠናም ያመለከቱት አብረው ነው።

እፀገነት ስልኩን ያዘችላት። የደዋዩ ድምፅ ጎላ ያለ ስለነበር ለእሷም ይሰማት ነበር። ኤቢሴ አልፋለች፤ ወጪዋም ሙሉ በሙሉ ተችሏል። ለምን እሷ? እኔ ምን አነሰኝ? አለች እፀገነት በልቧ። ወዲያው አንድ የቆሻሻ መኪና እያጓራ አለፈ። «ምንም አልሰማም፣ ምንድን ነው የሚለው?» ብላ ኤቢሴ ፊቷን ስታዞር እፀገነት ስልኩን ወደ ራሷ ጆሮ ወሰደችው።

«አሁኑኑ ካላረጋገጡልኝ ቦታውን ለተጠባባቂዋ ለወይዘሪት እፀገነት እሰጠዋለሁ» አለ ሰውየው።

አውራ ጣቷ መዝጊያው ላይ ሄዶ አረፈ። ኔትወርክ ተቋረጠ ብትል ማን ይጠረጥራታል? ኤቢሴ ዓይን ዓይኗን ታያታለች፤ ሴቶቹም ችግኛቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ። «ትሄጂያለሽ ወይ ነው የሚልሽ» አለች በመጨረሻ፣ ስልኩን ወደ ኤቢሴ አፍ እያስጠጋች።

«እሄዳለሁ! እሄዳለሁ እንጂ!»

ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እፀገነትም ስልኩን ዘጋችው። ኤቢሴ በጭቃ እጇ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችባት።

«ተጠባባቂ አለች ብለውን አልነበር? ማን እንደሆነች ነገረሽ? አሳዘነችኝ እኮ» አለቻት።

«አልሰማሁም» አለች እፀገነት።