ከግማሽ አትለፍ

ቴክኒሻኑ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ሲያይ ክው አለ፤ እስከ ጥግ ተጠምዝዟል። «ትንሽ አምፕሊፋየር አይጎዳም ብለህ እንዳትሞኝ፤ ካቅሙ በላይ ካስጮህከው ስፒከሩን ያቃጥለዋል። አቅማቸውን አመጣጥን፣ ከግማሽም አትለፍ» እያሉ ሙያውን ያስተማሩት እኚሁ ሶፋው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ነበሩ። ዛሬ የገዛ ቤታቸውን ስፒከሮች አቃጥለው ጨርሰዋል።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከፊልሙ አልነቀሉም። ባለቤታቸው ትከሻቸውን ነካ ሲያደርጓቸው ነው ዞር ያሉት።

«አምፕሊፋየሩ ነዋ» አሉ ተቆጥተው። «አርጅቶ ድምፁ ሰለለ። ተዋንያኑ ሁሉ እንደ ሐሜተኛ ያንሾካሹካሉ።»

ቴክኒሻኑ ይዞ የመጣቸውን አዲስ ስፒከሮች ከሚመጥናቸው አምፕሊፋየር ጋር አገናኘ፤ መቆጣጠሪያውን ግማሹ ላይ አቁሞ ቀና አለ። ሽማግሌው እንደ ድሮው አንገታቸውን ዘመም አድርገው፣ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሱትን ከንፈሮች ትንሽ አዩና ፊታቸው ፈካ።

«ይኸው፣ ጠራ። አላልኩም?»

«ጠርቷል፣ ጋሼ» አለ ቴክኒሻኑ። ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የአምፕሊፋየሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ገና አልተሰካም፤ ጫፉ ቴክኒሻኑ እጅ ላይ ነበር።