የቀይ ገበር ቁራጭ

ልብስ ሰፊው በሚስቱ የማይጠረጥረው ወንድ ቢኖር ገና ያልተወለደው ብቻ ነበር። ዳቦ ሻጩን ጠርጥሯል፤ ዳቦ ሲመርጥላት ጊዜ ወሰደ ብሎ። ከሁለት ወር በፊት ደግሞ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ብትወስደው ሐኪሙን ጠርጥሮ ተመለሰ። ሐኪሙ እሱን "ድካም ነው፤ ሥራ ይቀንሱ" ብሎ ሸኝቶት፣ እሷን ለብቻዋ አስገብቶ ሩብ ሰዓት አቆያት። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"ምን ሲያወራሽ ቆየ?"

"ስለ ምግብህ ነው።"

ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ምግብ! ሁለተኛ እዚያ አልሄድም አለ። ድሮም "አባቴን የገደለው በሽታው አይደለም፣ የነገሩት ወሬ ነው" ስለሚል ሐኪም አይወድም። ከስፌት መኪናው በላይ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚል ጽሑፍ ሰቅሏል።

ከተማዋ አምቡላንስ አልነበራትም። ለመግዣው እንዲሆን የተራራ ጉዞ ተዘጋጀና ስልሳ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ተመዘገበ። ኮሚቴውን የምትመራው የልብስ ሰፊው ሚስት ናት፤ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነች። ተጓዦቹን የሚመራው ደግሞ የዚያው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነው። ተጓዦቹ የሚለብሱትን ሰደርያ የሰፋው ልብስ ሰፊው ስለሆነ መምህሩን የለካውም እሱ ነው። ደረቱ መቶ አራት ሴንቲ ሜትር ሆነ። ሜትሩ የተሳሳተ መስሎት ደግሞ ለካው። መቶ አራት ነው።

"አንተ ይቅርብህ" አለችው ሚስቱ በጉዞው ዋዜማ። "ዳገቱ ከባድ ነው።"

"ለማን ነው የሚከብደው?"

"እሺ፣ እኔም ልቅር። ሁለታችንም ቤታችን እንዋል።"

ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። የነቁባት ሴት እንዲህ ነው የምትሆነው፣ አለ በሆዱ።

"እንሄዳለን" አላት። "ሁለታችንም።"

ትንሽ ቆይቶ ጓዳ ገብታ በስልክ ስታንሾካሹክ ሰማት። "እምቢ አለኝ። ሊመጣ ነው። እንግዲህ አንተ ታውቃለህ።" ከመምህሩ ጋር እንደሆነች ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ልብስ ሰፊው በንዴት ግራ ክንዱን አሸት አሸት አደረገ። ሰሞኑን ይደነዝዘዋል፤ የስፌት መኪናው ጣጣ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መውጣት ጀመሩ። መምህሩ ያን ሁሉ ደረት ይዞ አረማመዱ የአሮጊት ነበር። በየመቶ እርምጃው "እረፍት!" ይላል። ጎረምሶቹ አጉረመረሙ። ባረፉ ቁጥር ደግሞ ዓይኑ ከልብስ ሰፊው ላይ አይነቀልም። የሰው ሚስት የፈለገ ባልየውን ነው የሚጠብቀው።

"ደህና ነዎት ጋሼ?"

"ካንተ እሻላለሁ።"

በሦስተኛው እረፍት ሚስቱና መምህሩ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጀርባ ሄዱ። ልብስ ሰፊው የጫማውን ክር እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብሎ ተጠጋ።

"የት አደረግሽው?" አለ መምህሩ።

"ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በጎን ኪሱ።"

"እንዳያይብሽ።"

"አያይም። ቦርሳዬን ከፍቶ አያውቅም።"

እውነቷን ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልከፈተውም። እንዲህ ያለ ጨዋ ባል መሆኑ አሁን አንገበገበው። ቦርሳዋን ድንጋዩ ላይ አስቀምጣ ውኃ ልታድል ስትሄድ ዚፑን ሳበው።

በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ነገር ነበር። ጨርቁን ገና ሲያየው ለየው። ለሰርጉ ቀን ኮቱን ራሱ ቆርጦ ሲሰፋ ከገበሩ የተረፈ ቁራጭ ነው። ያኔ "ለማስታወሻ ስጠኝ" ብላ ወስዳው ነበር። የሌላ ወንድ ስጦታ በእሱ ገበር! በጨርቁ ላይ ዳሰሰው፤ ጠንካራና ክብ ነው። ሲያነቃንቀው ውስጡ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ቀለበት! ከፍቶ ማየት ለመምህሩ ክብር መስጠት መሰለው። እንደተጠቀለለ ወደ ገደሉ ወረወረው። ሲወድቅ ድምፁ እንኳ አልተሰማም።

ከዚያ በኋላ እረፍት የሚባል ነገር አልሰማም አለ። መምህሩን ገፍቶት አለፈ። መቶ አራት ደረት ከኋላው ቀረ።

"ቀስ ይበሉ ጋሼ!"

"በእናትህ ቁም!" አለች ሚስቱ። "ስለ እናትህ!"

አልቆመም። ባሏ ውሽማዋን ሲቀድመው ማየት አሳፍሯት ነው፣ ብሎ ጥርሱን ነክሶ ሮጠ። ጫፉ ላይ ከስልሳው ሰው አንደኛ እሱ ደረሰ። ከታች አንዳንዶች አጨበጨቡለት።

ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሰደርያው በላብ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። የክንዱ ድንዛዜ ወደ ትከሻው ወጥቷል፤ ቢሆንም ደስ ብሎታል። ሁለቱም እየሮጡ ሲመጡ ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው። "ቀለበትሽን ገደል ውስጥ ፈልጊው" ሊላት አፉን ከፈተ። ቃሉ አልወጣ አለው።

ሚስቱ መምህሩን ዞራ አላየችውም። ባሏ እግር ሥር ተንበረከከችና እጇን ወደ ቦርሳው የጎን ኪስ ሰደደች። ሌላኛውንም ኪስ በረበረች። ከዚያ ቦርሳውን ገልብጣ ዘረገፈችው፤ ማበጠሪያ፣ ቁልፍ፣ አንድ ብርቱካን።

"የታለ?" ብላ ጮኸች። "ከምላሱ ሥር የሚደረግለት የልብ ኪኒን የታለ? በሰርጋችን ገበር ጠቅልዬ እዚሁ ነበር እኮ ያደረግሁት!"