ገብስማዋ

ነጭ ቱታ የለበሱት ሰዎች የመጨረሻውን ጆንያ አፉን አስረው ወደ መኪናው ሲጎትቱ መምህርቷ ደጇ ላይ ቆማ ታያለች። የሰፈሩ ዶሮ በሙሉ፣ የታመመውም ያልታመመውም፣ ከማለዳ ጀምሮ እየተገደለ ጆንያ ገብቷል። የእሷም አልቀረላትም። የዶሮ ቤቱን በር ከፍታ ያስረከበችው ራሷ ናት።

“እጁ ይሰበር የደወለው!” ትላለች ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊ። “ሰው አልሞተ! ጥቂት ዶሮ አለቀ ተብሎ ይሄ ሁሉ ጉድ?”

መምህርቷ መሬት መሬት ታያለች። የደወለችው እሷ ናት። ጤና ጣቢያው ባሠለጠናት ጊዜ፣ ዶሮ በብዛት ሲሞት ካየሽ ሳትውይ ሳታድሪ ንገሪን ብሏት ነበር። ልብስ ሰፊዋ በአንድ ሌሊት የሞቱባትን ዶሮዎች ከአጥር ውጭ ስትጥል መምህርቷ አየችና ደወለችላቸው። ናሙናው ሲመረመር ወደ ሰው የሚተላለፈው የወፍ ጉንፋን ሆኖ ተገኘ።

ደግ አደረግሁ ትላለች ለራሷ። መቶ ጊዜ ብላዋለች፤ ሰው ፊት ግን አንዴም አልደፈረችም። ይህቺ ሴት ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጇን የምታሳድገው ግማሹን በመርፌ ግማሹን በእንቁላል ነው። መምህርቷ ታማ የተኛች ሰሞንም፣ ሽንት ቤት ድረስ ደግፋ የምትወስዳት እሷ ነበረች።

“ነይማ ግቢ” ትላታለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “አንድ ነገር ላሳይሽ።”

ክንዷን ይዛ እየጎተተች ታስገባታለች። የስፌት መኪናውንና የጨርቅ ቁርጥራጩን አልፈው መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ፣ የአራት ዓመቷ ልጇ ሚጣ አልጋው ላይ ናት። ብርድ ልብሱ ውስጥ ያቀፈቻት ገብስማ ዶሮ የመምህርቷ ናት።

“ጠዋት ለእነዚያ በር ስትከፍቺ በጓሮ ገብቼ ሰረቅኩሽ!” ትላለች እናትየው፣ ሳቋ እያመለጣት። “የኔዎቹንማ አንድ በአንድ ለቀሟቸው። አንቺ እንኳ ባዶሽን አትቅሪ ብዬ ነው። ታሳቅፊያታለሽ፣ ጫጩት ትሰጪኛለሽ፣ እንደገና እንጀምራለን።”

መምህርቷ ወደ አልጋው ቀረብ ትላለች። እንዲህ ያሰበላት ሰው ኖሮ አያውቅም። ዶሮዋ ግን አንገቷን ደፍታለች። ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠቁሯል፤ ከአፍንጫዋ የሚወርደው ንፍጥ የልጅቷን እጅጌ አርሶታል። ሚጣ በዚያው እጅጌ አፏን ትጠርግና ዶሮዋን እምጷ አድርጋ ትስማታለች።

“በርዷት ነው” ትላለች። “እያሞቅኳት ነው።”

“እትዬ፣ ልጅቷን አንሺያት። አሁኑኑ!”

“ውይ፣ ምን ሆንሽ? አንቺ ዝም ካልሽ እኮ ማንም አያውቅም።”

ከውጭ የመኪናው ሞተር ይነሳል። እውነቷን ነው፣ ማንም አያውቅም። ዶሮዋን በድብቅ መቅበር፣ የሚጣን እጅ በሳሙና ፈትጎ ማጠብ፣ ከዚያ ትኩሳቱ እስኪመጣ ወይም እስኪቀር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይቻላል። ደግሞስ ቢመጣ?

መምህርቷ ሚጣን ከአልጋው መንጭቃ አቅፋ ወደ ውጭ ትሮጣለች።

“ቁሙ! አትሂዱ! እዚህ አንድ ቀርታለች፣ ልጅ ነክታታለች!”

መኪናው ይቆማል። በየደጁ የተኮለኮለው ጎረቤት ሁሉ ዞሮ ያያል። የቡድኑ መሪ ይወርዳል። ከማለዳ ጀምሮ ሲረገም የዋለ ሰው ነው፤ መምህርቷን ሲያያት ከጭምብሉ በላይ ያሉት ዓይኖቹ ዘመድ እንዳገኙ ይፈካሉ።

“መምህርት! ያን ጊዜም እርስዎ ባይደውሉልን ኖሮ አልቆልን ነበር” ይላል ጮክ ብሎ። “አሁንም እግዜር ይስጥልን። ልጅቷንና እናቷን ሐኪም ቤት እንወስዳቸዋለን።”

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ደርሳለች። ሰምታለች። ልጇን ከመምህርቷ እጅ ተቀብላ መሬት ላይ ታቆማታለች። ልጅቷ ፊት ትንበረከክና የመምህርቷ ጣቶች አርፈውበት የነበረውን የልጇን ክንድ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ ሚጣ “አመመኝ” እስክትል ድረስ ትፈትገዋለች።