ሰርቨሩ ላይ የከረመው ሎሚ

የሥራ መሣሪያ ሁሉ በሚባረክበት በዓል ሰርቨሩ ላይ ያስቀመጡት ሎሚ በስብሶ፣ ጭማቂው ብረቱ ላይ ተዝለግልጓል።

«ጋሼ ሻንሙጋም፣ ይሄን ግም ነገር የሚጥል ሰው ጠፋ?» አለች የኮምፒውተር ባለሙያዋ ካኒሞዚ አፍንጫዋን ይዛ።

«የተባረከ ነው እኮ ልጄ፣ ማን ደፍሮ ይነካዋል?» አሉ የቢሮው አዛውንት።

«ሞጁሉንም እንዲሁ አትንኩት እያላችሁ ነው ያገማችሁት!»

እውነቷን ነው። ይህ በህንድ ከተማ በኮይምባቶር ያለ ትዳር አገናኝ ቢሮ በድረ ገጹ የትዳር ፈላጊዎችን ፎቶ የሚቀበልበት፣ ሞጁል የሚሉት አሮጌ የፕሮግራም ክፍል፣ የመጣለትን ሁሉ ሳይመረምር ይውጣል፤ ሌባም በፎቶ ስም የፈለገውን ያስገባበታል። ካኒሞዚ አጠፋችውና መርምሮ የሚቀበል አዲስ ተካች። እስክትፈትሸው ድረስ ብላ የኔትወርክ ገመዱንም ነቀለች። ከዚያ እየቀፈፋት ሎሚውን በጨርቅ ጠርጋ ጣለች።

«በሉ፣ አሁን ዝንብ እንኳ አትገባም።»

ወዲያው ስክሪኑ ላይ አዲስ ፎቶ ብቅ አለ። የገባው ባጠፋችው ሞጁል በኩል ነው።

ፎቶው ከሰርቨሩ ውስጥ ወደ ውጭ የተነሳ ነበር። ካኒሞዚ ፊቷን አጨፍግጋ፣ ጨርቁን ይዛ ትታያለች። አንድ ነጭ ትል ግማሽ አካሉን እጅጌዋ ውስጥ አስገብቷል።

ካኒሞዚ ክርኗ ላይ እርጥብ ነገር ሲሳብ ተሰማት።