ቁጥር አሥራ አንድ፦ ዜሮ

ባለመነጽሩ ለማንም ብዙ አክብሮት አልነበረውም፤ በደንብ ለማያይ ሰው ደግሞ ጭራሽ የለውም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ሲለካ ኖሯል። ደንበኛ ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰንጠረዥ ሲሳሳት አፉ «አይዞህ» ይላል፣ ሆዱ ይስቃል።

ዘንድሮ ግን ንቀቱን ሁሉ ጠቅልሎ ያዋለው አይቶት በማያውቀው ሰው ላይ ነው፤ በመረብ ኳስ ሊጉ ነጥብ መዝጋቢ ላይ።

ሊጉ የድሮውን የእንጨት ሰሌዳ ጥሎ በታብሌት መመዝገብ ጀምሯል። ነጥብ በተቆጠረ ቁጥር መዝጋቢው ያስቆጠረችውን ተጫዋች ይነካል፤ ውጤቱ ያኔውኑ በየሰዉ ስልክ ላይ ይወጣል። ስም የለም፣ የመለያ ቁጥር ብቻ። ከሥር የአስተያየት መጻፊያ አለ፤ መዝጋቢውም እየሠራ ያነበዋል። ባለመነጽሩን ከሁሉ ደስ ያሰኘው ይሄኛው ነው።

ቅዳሜ ገበያ ስለሚደራ ሱቁን ዘግቶ ጨዋታ አይቶ አያውቅም። የዓይኑን ብሌን፣ አንድ ልጁን፣ የሚከታተላት በስልኩ ነው። ቁጥሯ አሥራ አንድ ነው። አሠልጣኟ ከሁለት ዓመት በፊት «እጇ መዶሻ ነው» ስላለው «መዶሻዬ» ይላታል። የከተማው ምርጥ ቡድን የሚመረጠው ተጫዋቾቹ በዓመቱ ባስቆጠሩት ነጥብ ነው፤ ልጁ የሌለችበት ምርጥ ቡድን ደግሞ ለእሱ የአደባባይ ውርደት ነው።

ቁጥር አሥራ አንድ ግን ስምንት ጨዋታ ሙሉ ዜሮ ላይ ቆማለች።

«ዓይን ያወጣ ሌባ!» አለ፣ ስልኩ ላይ አፍጥጦ። ከዚያ ጻፈ፦ «መዝጋቢው ሆይ፣ መነጽር በነጻ ልስጥህ?» በቀጣዩ ሳምንት፦ «ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው የመጣኸው?» በየመልእክቱ ሥር «ባለመነጽሩ» ብሎ ይፈርማል። መልስ አያገኝም። መልስ ማጣቱን ደግሞ ጥፋትን እንደ ማመን ቆጠረው።

ለደንበኞቹ ግን ልጁን ያወድሳል። «መለያዋ ከጨዋታ ሲመለስ እንኳ የሳሙና ሽታው አይለቅም» ይላል። «ሳያልባት ነው የምታሸንፈው!»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የስፖርት ቦርሳዋ ክፍት ሆኖ፣ ከላይ የተጠቀለለ ቻርጀር አየ።

«ለጨዋታ ነው ወይስ ለስልክ የምትሄጂው?» አላት።

«ባትሪ ያልቃል፣ አባዬ።»

«የዘመኑ ልጅ!» ብሎ አለፈ።

እሁድ ምሳ ላይ የትናንት ድርሰቱን አነበበላቸው። «ምን ብዬ እንደጻፍኩለት ስሙ፤ ‹አንተን የወለደ አባት ይፈር!›»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ተው እንጂ። እሱም እኮ የሰው ልጅ ነው።»

«የሰው ልጅ ቢሆንማ ያይ ነበር!»

«ዳኛው እጁን ሳያነሳ መንካት አይቻልም» አለች ልጁ፣ ሳህኗን እያየች። «የሚመስልህን ያህል ቀላል አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

«እዚያው አይደል የምውለው።»

ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ድካም የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ብሎ አሰበ።

«አምና ሐኪሙ ስለ ጉልበቷ ያለውን…» ብላ ጀመረች ሚስቱ።

«ሐኪም የሚያውቀው ማስፈራራት ነው! ያኔም ነግሬያታለሁ፤ የእኔ ልጅ ከሜዳ አትወጣም። ይኸው፣ አንድ ቅዳሜ እንኳ ቀርታለች?»

«አልቀረችም» አለች ሚስቱ፤ ሳህኖቹንም ማንሳት ጀመረች።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ባለመነጽሩ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቁን በቅዳሜ ቀን ዘጋ። ከመዝጋቱ በፊት ከመደርደሪያው ታች ማንም የማይገዛውን፣ መስታወቱ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህለውን መነጽር መረጠና ኪሱ ከተተ። በሕዝብ ፊት ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጥለት ነው።

አዳራሹ በጫማ ፍትጊያና በፉጨት ይጮሃል። ሜዳውን ቃኘ፤ አሥራ አንድ ቁጥር የለችም። የተቀያሪዎቹን ወንበር ቃኘ፤ እዚያም የለችም።

«ዜሮ እየጻፈ አስባረራት!» ደሙ ፈላ።

መዝጋቢው ከሜዳው ዳር ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጧል። የሊጉን ሰማያዊ ጃኬት ለብሶ ኮፍያውን እስከ ግንባሩ ስቧል። ቀኝ እግሩንም ከፊቱ ባለ ወንበር ላይ ዘርግቷል፤ ሳሎኑ መሰለው እንዴ!

አስተባባሪው መንገድ ዘጋበት። «ይቅርታ ጌታዬ፣ እዚህ መቆም ክልክል ነው።»

«እኔ ባለመነጽሩ ነኝ!»

«እ፣ እርስዎ ነዎት?» አስተባባሪው ከእግር እስከ ራስ አየው። «ለማንኛውም፣ ዘንድሮ አንድም ስህተት ያልተገኘበት ጠረጴዛ ይሄ ነው።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም! ዞር በል!»

ገፍቶት አለፈና መነጽሩን ታብሌቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ በኃይል አሳረፈው።

«እንካ፣ ዕውር! ይሄን አድርግና አሥራ አንድ ቁጥርን ፈልጋት! አባት የለህም? አሳዳጊ የለህም?»

ግማሹ አዳራሽ ዞሮ አየ። መዝጋቢው ግን ቀና አላለም። ጣቱ ታብሌቱ ላይ ተንጠልጥሎ ጠበቀ። ኳሱ ወደቀ፤ ዳኛው እጁን አነሳ፤ ጣቱ ነካ። ከዚያ ኮፍያው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተገፈፈ።

«አባዬ፣ ቀስ በል፤ ሰው ይሰማሃል» አለች መዝጋቢዋ።