ስላይድ ቁጥር ሰባት

የደም ምርመራ ክፍሉ ኃላፊ አዲሷን ባለሙያ የጠላት ገና በመጀመሪያው ቀን ነው። ሠራተኛው ከጀርባው «መርፌው» የሚለው ይህ ሰው፣ ሰው ለመጥላት ብዙ ምክንያት አያስፈልገውም። ክፍት ትታው በሄደችው መሳቢያ ቅልጥሙን ከተመታ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የበለዘው ቦታ እስካሁን አልለቀቀም፤ ባየው ቁጥር እሷን ይረግማል።

በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ አዲስ የቀለም ጠርሙስ ይከፈታል። ያን ቀን ከሕመምተኞቹ ስላይዶች ጋር ለማመሳከሪያ የአንድ ጤነኛ ሰው ደም አብሮ ይቀለማል፤ መርፌው ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ለዚህ የሚወጋው የራሱን ጣት ነው። ዛሬም ወጋ። ደሙ አልቆም ሲለው ጥጡን ወረወረው።

«ይሄ ደግሞ ጥጥ ነው? ከዚህስ ጋዜጣ ይሻላል።»

«እኔ አይደለሁም የገዛሁት፣ ጋሼ» አለች አዲሷ።

«መልስ አትስጪኝ።»

ደሙን ቀብታ፣ በእርሳስ ምልክት ጽፋ አሥራ ሦስቱን ስላይዶች ደረደረችለት። እሱም ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋ። መጀመሪያ «ጤነኛ» የሚለውን አየ። ንጹሕ ነው፤ ቀለሙም በደንብ ይዟል። ከዚያ ሕመምተኞቹን በየተራ አየ። ቁጥር ሰባት ላይ ሲደርስ ቆመ። ያልበሰሉ ነጭ ሴሎች ጢቅ ብለው ሞልተዋል።

ቁጥር ሰባት ከደም ካንሰር ድናለች ከተባለች ሁለት ዓመት የሆናት የሁለት ልጆች እናት ናት። ለክትትል መጥታ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች።

«ተመልሶባታል» አለ።

አዲሷ የሕመምተኞቹን ደም የሚቆጥረውን የማሽኑን ወረቀት አምጥታ አሳየችው። «ማሽኑ ግን ቆጠራዋ ደህና ነው ይላል። አይገጥምም።»

«እንግዲያው ስላይድ ቀያይረሻል።» በሆዱ ደስ አለው። ይህቺን ቀን ሲጠብቃት ነበር።

ሴትዮዋ እንደገና ደም እንድትሰጥ ተጠራች። እጅጌዋን ሰበሰበች። «ምን ተገኘብኝ? ልጆቼን ምን ልበላቸው?» ስትለው፣ በአገጩ ወደ አዲሷ እያመለከተ «እሷን ጠይቂያት» አላት። ሁለተኛውን ስላይድ ራሱ ሠራው፤ ራሱም አነበበው። ንጹሕ ነው። ሴትዮዋ ቦርሳዋን ረስታ እስክትወጣ ድረስ ደስ አላት፤ ተመልሳ ወሰደችው።

መርፌው የስንብት ደብዳቤ ለመጻፍ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ሱሪው ሲንሸራተትበት ሽቅብ ጎተተው፤ ባለፈው ሳምንት ቀበቶውን በሚስማር ሌላ ቀዳዳ በስቶለት ነበር፣ እሱም አልበቃም። የዚህችን ልጅ ስህተት ሲያርም መዋሉ እንዳከሳው አልተጠራጠረም።

«ጋሼ፣ ከመፈረምዎ በፊት ሁሉንም እንደገና ልያቸው?»

«አንዱንም ሳታስቀሪ እዪ። ይህ በሽታ ያለበት ሰው የሆነ ቦታ ደህና ነኝ ብሎ ቁጭ ብሏል፤ ቢሞት ባንቺ ነው። የማን እንደሆነ ሳትነግሪኝ ከዚህ ክፍል አትወጪም።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከማይክሮስኮፑ ቀና አላለችም። እሱ ደብዳቤውን ጨርሶ ፈረመበት፣ ማህተሙንም አሳረፈበት። ቀና ሲል ከፊቱ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ይህም ደስ አሰኘው።

«አገኘሽው?»

«አገኘሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ምልክቱን ስጽፍ ሁለት ስላይድ አቀያይሬያለሁ።»

«ጎሽ፣ አመንሽ።» ደብዳቤውን ገፋላት። «ከቀሩት አሥራ አንድ ሕመምተኞች ከማን ጋር?»

«አሥራ አንዱ በሙሉ ከማሽኑ ጋር ይገጥማሉ» አለች፤ ከዚያም «ጤነኛ» ተብሎ የተጻፈበትን ስላይድ ከትሪው አንስታ ደብዳቤው ላይ አስቀመጠችለት።

«የሴትዮዋ ይሄ ነው፣ ጋሼ።»