መቀስ እያለልህ

ልብስ ሰፊው ሊሞት ሰሞን አንድ ብርቱካን በላ። ሚስቱ የተፋውን ዘር በወተት ጣሳ ተክላ መስኮቱ ጋ አስቀመጠችው። ከሱ የቀራት ይኸው ነው፤ ዘሩ በቅሎ ቅጠል ሲያወጣ እንደ ልጅ ነበር የምታየው።

አንድ ጠዋት የአንዱ ቅጠል ጫፍ ተበልቶ አገኘችው። በማግስቱ ሌላው ተበላ።

"ትል ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?" አለቻት እህቷ።

ቅጠሎቹን ብታገላብጥ፣ አፈሩን ብትምስ፣ ትል የሚባል ነገር የለም። የተበላውን ቅጠል ወደ ብርሃኑ ጠጋ አድርጋ ስታየው ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት አርፎበታል፤ ከምልክቱ መሃል የአንድ ጥርስ ቦታ ጎድሏል። ባሏ ዕድሜ ልኩን ክር በጥርሱ ሲበጥስ የፊት ጥርሱን ያጣ ሰው ነበር። "መቀስ እያለልህ" ስትለው አንድም ቀን ሰምቷት አያውቅም።

ቁጭ አለች።

"መቀስ እያለልህ" አለችው ቀስ ብላ፣ እንደ ድሮው። ያን ትልቁን መቀሱን ከመሳቢያ አውጥታ ጣሳው አጠገብ አኖረችለት።

ጠዋት መቀሱ አፉን ከፍቶ ተጋድሟል። ችግኙ ከግርጌው ተቆርጧል፤ በአንድ ጊዜ፣ በለመደ እጅ።